ከሦስተኛ ፎቅ የወረደው ገመድ

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት፣ በምኖርበት የጋራ መኖሪያ ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከሦስተኛ ፎቅ መስኮት ብርቱካናማ የኤሌክትሪክ ገመድ ወርዶ አየን። ገመዱ የሁለተኛውን ፎቅ የልብስ ማስጫ ተሻግሮ፣ ከመሬት ቤቱ ሱቅ ቆርቆሮ ላይ ተንጠላጥሎ፣ በዝናብ የራሰውን ኮብልስቶን አቋርጦ ከአንዲት ነጭ መኪና ጎን ይገባል። ሁለት ገመዶች የተቀጠሉበት ቦታ ላይ ደግሞ በፌስታል የተጠቀለለ ዲቫይደር አለ። ፌስታሉ ዝናቡን እንዲከላከል መሆኑ ነው።

መኪናዋን የገዛው ጎረቤታችን በባንክ ብድር የገዛ፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባ፣ ሰው የማያስቀይም ወጣት ነው። ነገሩ አደገኛ መሆኑን ስነግረው አልተቆጣም። «ምን ላድርግ ጋሼ? ከገመድ ሌላ መንገድ ካለ ይንገሩኝና ዛሬውኑ አነሳዋለሁ» አለኝ። በዚያች ምሽት መልስ አልነበረኝም።

በማግሥቱ ደግሞ በመሬት ቤቱ እንጀራ እየጋገሩ የሚሸጡ እናት አገኙኝና የራሳቸውን አቤቱታ አቀረቡ። ማታ ማታ መብራቱ ይደክማል፤ ምጣዱ እንደ ቀድሞው አይግልም፤ ውኃ መግፊያው ፓምፕም እያጉረመረመ ይቆማል። «እርስዎ ሕግ ያውቃሉ ይባላል። መኪናና እንጀራ ሲጣሉ ሕጉ ለማን ያደላል?» አሉኝ። ሳቅሁ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

ይህንን ጽሑፍ የምጽፈው ለሁለቱም የሚሆን መልስ ለማግኘት ስሞክር የተረዳሁትን ለማካፈል ነው። ጉዳዩ የእኛ ግቢ ብቻ እንዳልሆነ ከጀሞ እስከ ሰሚት፣ ከጎተራ እስከ ኮዬ ፈጬ ያሉ ነዋሪዎች ያውቁታል።

መነሻውን ለማስታወስ ያህል፣ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝ ታክስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። ሙሉ በሙሉ ተገጣጥመው ለሚገቡት የጉምሩክ ቀረጡም ወደ 15 በመቶ ዝቅ አለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አስታወቀ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ክልከላ በማድረግ የእኛ አገር የመጀመሪያዋ መሆኗ በወቅቱ ብዙ ተብሎለታል። ከዚያ በኋላ ኃላፊዎች በአገሪቱ ያሉት የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ከ100 ሺሕ በላይ መሆናቸውን ሲገልጹ ተሰምቷል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የህዳሴ ግድብ ሲመረቅ፣ «ኃይሉ ከየት ይመጣል?» የሚለው ጥያቄ ቢያንስ በአገር ደረጃ ተቃለለ።

የእኛ ጥያቄ ግን ከጉባ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ አይደለም። የእኛ ጥያቄ ከቆጣሪው እስከ መኪናው ያለው የመጨረሻው 30 ሜትር ነው። ባለ ቪላው በሩን ዘግቶ፣ ግድግዳው ላይ ሶኬት አስገጥሞ ይተኛል። በኮንዶሚኒየም የሚኖረው ግን ቆጣሪው ደረጃው ሥር፣ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ፣ መኪናው ደግሞ የማንም ባልሆነና የሁሉም በሆነ መሬት ላይ ነው። ችግሩ ሁሉ የሚመነጨው ከእነዚህ የሦስት ቦታዎች መለያየት ነው።

የጋራ ቤቶቹ ሲነደፉ ይህ አልታሰበም ብሎ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም። የአዲስ አበባው የቤቶች ልማት መርሐ ግብር በ1996 ዓ.ም. ገደማ ሲጀመር ዓላማው ለዝቅተኛና ለመካከለኛ ገቢ ነዋሪዎች ጣሪያ ማቅረብ ነበር። መኪና ያለው ባለዕጣ ይኖራል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነው። ለምጣድ፣ ለማቀዝቀዣና ለአምፖል የሚበቃ መስመር ተዘረጋ፤ ለልቅሶ፣ ለሠርግና ለእርድ የሚሆን የጋራ ቤትም ተሠራ፤ ያ በዚያን ጊዜ ትክክለኛው ግምት ነበር። ዛሬ በየብሎኩ ፊት ሁለት ረድፍ መኪና ይቆማል።

ስለ ኤሌክትሪኩ

መሐንዲስ አይደለሁም። ነገር ግን ስሌቱ አራተኛ ክፍል በተማርነው ማባዛትና ማካፈል የሚያልቅ ነው። በቤታችን ያለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው። አንድ ተራ የመኪና ቻርጀር 10 አምፔር ቢስብ 2.2 ኪሎ ዋት፣ 16 አምፔር ቢስብ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይወስዳል። በግድግዳ ላይ የሚገጠመው ባለ 32 አምፔሩ ግን 7 ኪሎ ዋት ይደርሳል። ለማነፃፀር ያህል፣ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ ይጠቀማል። ስለዚህ በዝግታ የሚሞላ መኪና በአንድ ቅጽበት የሚወስደው ኃይል ከምጣድ ያነሰ ነው። ጎረቤቴ ይህንን ሲሰማ ፊቱ በራ። እኚያ እናት ግን ቀበል አድርገው፣ «ምጣድ እኮ ጋግሮ ይጠፋል፤ የእሱ መኪና ሌሊቱን ሙሉ ነው» አሉ። ሳይማሩ የተናገሩት ነገር የጉዳዩ እምብርት ሆኖ አገኘሁት።

አንድ የከተማ መኪና በቀን 40 ኪሎ ሜትር ይሄዳል እንበል፤ ከጀሞ ፒያሳ ደርሶ መመለስ፣ ልጅ ማድረስም ጨምሮ። ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 15 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለ40 ኪሎ ሜትሩ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት ማለት ነው። በሙቀት የሚባክነውን ጨምረን 6.6 ብንለው፣ በ2.2 ኪሎ ዋት ቻርጀር በሦስት ሰዓት ይሞላል። ሦስት ሰዓት ብቻ! እንግዲህ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መኪና እንደ ነዳጅ ታንክ ከባዶ እስከ አፉ በየቀኑ የሚሞላ ይመስለናል፤ ስለዚህም ፈጣኑን፣ ትልቁን ቻርጀር እንመኛለን። ሻጮችም ይህንኑ ይነግሩናል። በእውነቱ ግን መኪናው ማታ ከ2 ሰዓት እስከ ንጋት 12 ሰዓት ለአሥር ሰዓታት ቆሞ ያድራል። ለመሙላት የሚያስፈልገው ሦስቱ ብቻ ነው። ሰባቱ ሰዓት ትርፍ ነው፤ የመፍትሔው ቁልፍም ይኸው ትርፍ ሰዓት ነው።

አሁን ነገሩን በብሎክ ደረጃ እንየው። በአንድ ሕንፃ 20 የኤሌክትሪክ መኪናዎች ቢኖሩና ሁሉም ባለ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር አስገጥመው ማታ በ1 ሰዓት ቢሰኩ 140 ኪሎ ዋት በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። በዚያው ሰዓት ራት ይሠራል፣ ፓምፑ ይነሳል፣ ቴሌቪዥኑ ይበራል። ብዙ ብሎኮች በጋራ የሚጠቀሙበት ትራንስፎርመር ይህንን አይችለውም። አቅሙ የተሰላው ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ሁሉንም ነገር አይከፍትም በሚል ግምት ነው። ነገር ግን ሃያዎቹ በባለ 2.2 ኪሎ ዋት ቢሞሉ 44 ኪሎ ዋት ነው። በሁለት ተራ ተከፍለው፣ አሥሩ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት፣ አሥሩ ከሌሊቱ 7 እስከ 10 ሰዓት ቢሞሉ 22 ኪሎ ዋት ብቻ ይሆናል። ይህ የስድስት ምጣድ ያህል ነው፤ ያውም ምጣዶቹ በተኙበት ሰዓት። ከ140 ወደ 22 የወረድነው አንድም ትራንስፎርመር ሳንቀይር፣ አንድም መኪና ሳንከለክል ነው።

ለዚህ ተራ አንድ ጠላት አለው፤ እሱም መብራት መጥፋት ነው። መብራት ጠፍቶ ሌሊት ሲመጣ የተሰኩት መኪናዎች በሙሉ በአንድ ላይ መሳብ ይጀምራሉ። መስመሩ ገና ከመነሳቱ እንደገና ይወድቃል። ስለዚህ ተራው በሰዎች ጨዋነት ላይ ብቻ ቢመሠረት አይጸናም። በሰዓት መቆጣጠሪያ የታገዘ ሰሌዳ፣ መብራት ሲመለስም አንዱን ቡድን ብቻ የሚያስነሳ መሣሪያ ያስፈልጋል። ይህ እምብዛም የረቀቀ ነገር አይደለም። ለውኃ ፓምፕ የምንጠቀምበት ዓይነት ማዘግያ የሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ሊሠራው ይችላል።

ወደ ገመዱ ልመለስ። አደጋው ምንድን ነው? አንደኛ፣ በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ከአምፔሩ ጋር በእኩል አይጨምርም፤ አምፔሩ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ለስልክና ለቴሌቪዥን የተሠራ ዲቫይደር 10 አምፔርን ለደቂቃዎች ይታገሣል፤ ለሰዓታት ግን ውስጡ ያለው ቀጭን መዳብ ይግላል፣ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ስፒናው ይላላል፣ የላላው ደግሞ ይበልጥ ይግላል። ሁለተኛ፣ ትርፉ ገመድ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ሦስተኛ፣ በብዙ ቤቶቻችን የመሬት መስመሩ አንድም የለም፣ አለ ቢባልም የተፈተነ አይደለም። በእርጥብ ኮብልስቶን ላይ ባዶ እግሩን የሚሮጥ ሕፃን የሚተርፈው ሊክ ያደረገውን ኤሌክትሪክ ወዲያው የሚቆርጥ ብሬከር ካለ ብቻ ነው። አራተኛውና ዋነኛው፣ ምጣድ ሲሠራ ሰው አጠገቡ ቆሞ ነው፤ መኪና ግን የሚሞላው ሁሉ ሰው ተኝቶ ነው። ቢቃጠል ማን ያያል?

በዚህ ምክንያት በመስኮት የሚወርድ ገመድ ይፈቀድ የሚል አቋም የለኝም፤ ለአንድ ቀንም ቢሆን። ነገር ግን ገመዱን ከልክሎ ሌላ መንገድ አለማሳየት ሰዎቹን ወደ ባሰ ድብብቆሽ መግፋት ነው።

ስለ ሕጉ

የእኔ ሙያ ወደሆነው እንሂድ። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ሲወጣ አንድን ሕንፃ ለሁለት ከፍሎ ነው የሚያየው። በግል የተያዘው ቤት አንድ ነገር ነው፤ ከዚያ ውጪ ያለው ሁሉ፣ ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢው፣ የጋራ መጠቀሚያ ነው። እያንዳንዱ ባለቤት በጋራው ላይ ያልተከፋፈለ ድርሻ አለው፤ አስተዳደሩም የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው። እንግዲህ መኪና ማቆሚያው በውል ተለይቶ ለአንድ ቤት ካልተሰጠ በቀር የጋራ ነው ማለት ነው። «የእኔ ቦታ» የምንለው፣ ድንጋይ ወይም አሮጌ ጎማ አስቀምጠን የምንጠብቀው ሁሉ ልማድ እንጂ መብት አይደለም።

ክርክሩም የሚነሳው ከዚህ ነው። አንድ ሰው በገንዘቡ ገዝቶ በጋራው መሬት ላይ ቻርጀር ቢተክል፣ ቻርጀሩ ያለበት ቦታ በተግባር የእሱ ይሆናል። ሌላ ሰው ቢያቆምበት «ተነሳ» ይለዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ቤቱን ሲሸጥ «ከነ ቻርጅ ቦታው» ብሎ ያስተዋውቃል። በቆርቆሮ የመኪና መጠለያ የደረሰብንን እናውቀዋለን፤ ለዝናብ ተብሎ የተጀመረው ዛሬ በብዙ ግቢ የግል ጋራዥ ሆኗል። ስለዚህ መኪና የሌላቸው ጎረቤቶቻችን «ዛሬ ሶኬት፣ ነገ አጥር» ብለው ቢጠረጥሩ አይፈረድባቸውም።

በሌላ በኩል ማኅበሩ «የጋራ ነው፣ ስለዚህ አይሆንም» ብሎ መዝጋቱ ልክ አይደለም። የጋራ ሀብት ማለት ማንም አይጠቀምበትም ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ድርሻ ያለው ሰው የሌላውን መብት ሳይነካ፣ ነገሩ ለተዘጋጀበት ዓላማ ይጠቀምበታል ማለት ነው። የመኪና ማቆሚያ ዓላማው መኪና ማቆም ነው። መንግሥት አዲስ የሚገባው አውቶሞቢል በኤሌክትሪክ የሚሠራ ይሁን ካለ በኋላ፣ መኪና ማቆምን ፈቅዶ መሙላትን ያለ ምክንያት መከልከል በሬ እንዲያርስ ፈቅዶ ገለባ እንደ መንፈግ ነው።

ኃላፊነትን በተመለከተ ግን ሁለቱም ወገኖች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 2028 በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ይካሳል ይላል፤ ይህንን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎች የማያውቁት ግን ጥፋት ሳይኖርም ኃላፊነት መኖሩን ነው። በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። በቁጥር 2077 ደግሞ የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ያልታሰበ ቢሆንም፣ ይጠየቃል። በጋራ ሕንፃ ውስጥ «የሕንፃው ባለቤት» ማን ነው? ሁላችንም። ገመዱ ቢቃጠልና እሳቱ በጋራው መስመር በኩል ቢዛመት፣ ክሱ ባለ መኪናውን ብቻ ሳይሆን አይቶ ዝም ያለውን ማኅበር ጭምር የሚነካበት መንገድ አለ። ይህንን በስብሰባ ላይ ስናገር ከኋላ የተቀመጡት የኮሚቴ አባላት ወደፊት መጡ።

ሌሎች አገሮች ይህንን ክርክር ቀድመውን ጨርሰዋል። ጀርመን ከታኅሣሥ 1 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለችው ማሻሻያ እያንዳንዱ የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤት ለኤሌክትሪክ መኪና መሙያ እንዲፈቀድለት የመጠየቅ መብት አለው። ማኅበሩ «ይሁን ወይስ አይሁን» ብሎ አይመክርም፤ «እንዴት ይሁን» በሚለው ላይ ግን ይወስናል። ወጪው የጠያቂው ነው። ተከራይም አከራዩን ይህንኑ መጠየቅ ይችላል። ኖርዌይ ማኅበሩ መከልከል የሚችለው በቂ ምክንያት ሲኖረው ብቻ ነው ብላለች። ፈረንሳይ «የሶኬት መብት» የሚባለውን በሕግ ካስገባች ቆይታለች፤ ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ባለው አሠራር ነዋሪው ያሳውቃል፣ ተቃውሞ ያለው ማኅበር በሦስት ወር ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ያለበት ራሱ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ መሆናቸውን ለሚያስታውስ፣ ከዚያ አገር አንድ ተጨማሪ ነገር መዋስ እንግዳ አይሆንብንም።

ከእነዚህ ሁሉ የወደድኩት የጀርመኑን ነው። የክርክሩን ሸክም ከ«ይፈቀድ» ወደ «እንዴት» ያዞረዋል። የእኛ ስብሰባዎች የሚያልቁት ሁልጊዜ «ይፈቀድ» ላይ ተጨቃጭቀን ነው፤ «እንዴት» ላይ ሳንደርስ ይመሻል።

ስለ ስብሰባ ካነሳን ዘንድ፣ በእኛ አገር ሁኔታ ትልቁ ችግር ምልዓተ ጉባዔ ነው። ከቤቶቹ ብዙዎቹ የተከራዩ ናቸው። ባለቤቱ አንዳንዱ ዋሽንግተን፣ አንዳንዱ ዱባይ ነው፤ ውክልና የያዘው ዘመድ ኪራይ ከመሰብሰብ አልፎ ስብሰባ አይመጣም። መኪና ያለው ተከራይ ችግሩ አለበት፣ ድምፅ ግን የለውም። ድምፅ ያለው ባለቤት ችግሩን አያውቀውም። በዚህ ላይ መተዳደሪያ ደንብ እናሻሽል ቢባል ዓመት ይፈጃል። ስለዚህ ነገሩ ለየማኅበሩ በጎ ፈቃድ የሚተው ሳይሆን በአዋጅ ሊመለስ የሚገባው ነው። የከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር የጋራ ሕንፃ ሕጉን በሚነካበት ጊዜ አንዲት አንቀጽ ትበቃለች፤ ማንኛውም ነዋሪ፣ ባለቤትም ይሁን ተከራይ፣ በራሱ ወጪ፣ በባለሙያ በተረጋገጠ መስመር፣ የቦታ ባለቤትነት ሳያገኝ መኪናውን የመሙላት መብት አለው የምትል።

ስለ ገንዘቡ

ገንዘቡ ላይ ብዙ ግቢዎች ተጣልተዋል። ቀላሉ ሐሳብ «ከማኅበሩ ቆጣሪ መስመር እናውጣና ሁሉም ይሰካ፤ በወር ይህን ያህል ይክፈል» የሚል ነው። አይሠራም። በቀን 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳውና እሑድ ቤተ ክርስቲያን ብቻ የሚሄደው እኩል ከፍለው አይስማሙም። ከዚያ በላይ ታሪፉ ራሱ ወጥመድ አለው። የመኖሪያ ቤት ታሪፋችን በእርከን ነው፤ እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠቀም ዝቅተኛውን፣ ከ500 በላይ የሚጠቀም ከፍተኛውን ይከፍላል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በተጀመረው ማሻሻያ ደግሞ ዋጋው ለአራት ዓመታት በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል ተወስኗል። በላይኛው ስሌት አንድ መኪና በ26 የሥራ ቀን ወደ 170 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ሦስት መኪና በአንድ ቆጣሪ ላይ ሲሰኩ 510 ይሆናል። ቆጣሪው በመኖሪያ ታሪፍ የሚሠራ ከሆነ የደረጃው አምፖልና የጥበቃው ቤት መብራት ጭምር በከፍተኛው እርከን ይታሰባሉ። መኪና የሌላቸው ሰዎች የባለ መኪናን ሒሳብ መክፈል ጀመሩ ማለት ነው፤ ያውም ሳያውቁት።

ስለዚህ የማኪያቶ ዋጋ እንደመክፈል በግምት ሳይሆን በቆጣሪ መሆን አለበት። ሁለት መንገድ ይታየኛል። አንደኛው ከእያንዳንዱ ቤት የራስ ካርድ ቆጣሪ ተነስቶ በቱቦ ውስጥ እስከ ማቆሚያው የሚወርድ መስመር ነው። ሒሳቡ ንፁህ ነው፤ እኔ የሞላሁት ከእኔ ካርድ ይቆረጣል። ጉዳቱ ቦታ ያስይዛል፤ ሃያ ቱቦም ግቢውን ያበላሸዋል። ሁለተኛው ማኅበሩ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለብቻው ለመኪና ማቆሚያው የሚሆን ቆጣሪና በቂ ኃይል አመልክቶ አስገብቶ፣ ከሥሩ ለእያንዳንዱ ሶኬት ትንሽ መቁጠሪያ መግጠም ነው። ሶኬቱ የማንም አይደለም፤ ተራ የደረሰው ይሰካል፤ በወሩ መጨረሻ በንባቡ ይከፍላል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። «የእኔ ቦታ» የሚለውን በሽታ ከሥሩ ይነቅለዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሕግ ጥንቃቄ አለ። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ኤሌክትሪክ መሸጥን ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ አድርጎ ነው የሚያየው። በእኔ እምነት አባላቱ የገዙትን ኃይል በከፈሉት ዋጋ ልክ እርስ በርስ ቢካፈሉ ሽያጭ አይደለም፤ ወጪ መጋራት ነው። ነገር ግን ማኅበሩ ትንሽ ትርፍ ጨምሮ ለውጭ ሰው ማስሞላት የጀመረ ዕለት ነገሩ ንግድ ይሆናል፤ ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንም፣ ከግብር ሰብሳቢውም ጋር ያገናኛል። «ጥበቃ እንቀጥርበት» በሚል ቅን ሐሳብ የተጀመረ ትርፍ ማኅበሩን ፍርድ ቤት እንዳያቆመው በቃለ ጉባዔ ላይ በግልጽ መጻፍ ይሻላል።

«ለምን ከጣቢያ አይሞሉም?» የሚሉም አሉ። ኢትዮ ቴሌኮም እ.ኤ.አ. በ2025 በአዲስ አበባ ፈጣን የመሙያ ጣቢያዎችን ከፍቷል፤ በቴሌብር ይከፈላል። ለታክሲ ሠራተኛና ሩቅ ለሚሄድ መኪና ትልቅ እፎይታ ነው። በየቀኑ ሦስት ሰዓት ቀስ ብሎ መሙላት ለሚበቃው ነዋሪ ግን ከሥራ መልስ ተራ መጠበቅ፣ ከነዳጅ ሰልፍ ወጥቶ ወደ ኤሌክትሪክ ሰልፍ መግባት ነው። ኮንዶሚኒየም እንኳ ያልደረሰው፣ መኪናውን አስፋልት ዳር የሚያሳድረው ሰው ግን ከጣቢያ ሌላ ምርጫ የለውም፤ የመንገድ ዳር ማቆሚያ የሚያስተዳድረው የከተማው አስተዳደር ቀስ ብለው የሚሞሉ ሶኬቶችን በየማቆሚያው ቢያስብ የሚጠቅመው ይህንን ሰው ነው።

አዲስ ለሚሠሩት ቤቶች ነገሩ ከሁሉ ይቀላል። ኮብልስቶኑ ከመነጠፉ በፊት ከቆጣሪ ክፍሉ እስከ ማቆሚያው ባዶ ቱቦ መቅበር ብቻ ነው። ሽቦውን ወደፊት የሚፈልግ ያስገባዋል። ከተነጠፈ በኋላ ግን መቆፈር፣ ማንሳት፣ መልሶ ማንጠፍ፣ ከመንገዱም ከውኃ መስመሩም ጋር መጣላት ነው። አልሚዎች የግቢውን ምንጭና የመዋኛ ገንዳ በብሮሹር ሲያሳዩን፣ ስለዚህ ቱቦ የሚጠይቅ ገዢ እስካሁን አልገጠመኝም። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

የእኛ ግቢ የት ደረሰ? ሦስት ስብሰባ አደረግን። አንደኛው በምልዓተ ጉባዔ ማጣት ተበተነ፤ ሁለተኛው በጩኸት። ሦስተኛው በኅዳር አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በጋራው ቤት ተካሄደ፤ እንጀራ ጋጋሪዋ እናትም መጡ። ስሌቱን በነጭ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩት። ሰዎችን ያሳመናቸው የእኔ የሕግ ቁጥር አይመስለኝም፤ «22 ኪሎ ዋት ስድስት ምጣድ ነው» የሚለው ነበር። በመጨረሻ አምስት ሶኬት እንዲገጠም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ኃይል እንዳይለቀቅ፣ ወጪውን ባለ መኪናዎቹ እንዲሸፍኑ፣ ወደፊት መኪና የሚገዛ ሰውም ድርሻውን ከፍሎ እንዲገባ ተወሰነ። የመስኮት ገመድ ከዚያን ቀን ጀምሮ ተከለከለ።

እናትየዋ እጃቸውን አውጥተው አንድ ነገር ጨመሩ፤ በበዓል ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚጋግሩ፣ በእነዚያ ሌሊቶች መኪናዎቹ እንዲያርፉ። ጎረቤቴ ፈጥኖ «ይሁን እናቴ» አለ፤ በቃለ ጉባዔውም ተጻፈ። የቆጣሪ ማመልከቻው ገብቶ መልስ እየጠበቅን ነው። እስከዚያው እሱ መኪናውን በመሥሪያ ቤቱ ይሞላል፤ ብርቱካናማው ገመድም ተጠቅልሎ በረንዳው ላይ ተቀምጧል።